ስለ ጀልባና ስለ ሞተር የክረምት አያያዝ
ለመምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተዘጋጀ ንግግር



ቁይ ሐይቅ የላትም። ስለዚህ የጀልባ ነገር ለጣና ዳር ሰዎች ይተው፤ ለደጋ ገበሬ ምን ይበጀዋል የሚል ሰው ቢነሣ አይፈረድበትም። ዳሩ ግን በጣና ላይ ጀልባውን የሚገፋው ሞተርና ከጮቄ በሚወርዱት ወንዞች ዳር ለመስኖ ውሃ የሚስበው ሞተር የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ሁለቱም ቤንዚን ይጠጣሉ፤ በሁለቱም ሰውነት ውስጥ ውሃ ያልፋል፤ ሁለቱም ይልቁን የሚበላሹት በሥራ ቀን ሳይሆን በዕረፍት ቀን ነው።

የጣና ሰዎች ሞተር ከመምጣቱ አስቀድሞ ይህን ያውቁ ነበር። ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው፤ ደንገልም በውስጡ አየር ስላለው ይንሳፈፋል፤ ውሃ ሲጠጣ ግን ይከብዳል። ስለዚህ ባለ ታንኳው ሥራውን ሲፈጽም ታንኳውን ከሐይቁ አውጥቶ ውሃውን ያንጠፈጥፋል፤ ፀሐይም ያስመታዋል። እንዲህም ተጠብቆ ዕድሜው በወራት የሚቆጠር ነው። ቶር ሄየርዳል የተባለ የኖርዌይ ሰው በ1961 ዓ.ም. ከጣና በተወሰደ ደንገል «ራ» የተባለ ጀልባ አሠርቶ፥ ከሞሮኮ ተነሥቶ አትላንቲክን ሊሻገር ሞከረ። እጅግ ብዙ መንገድ ከሄደ በኋላ የጀልባው የኋላ ወገን ውሃ ጠጥቶ ስለ ወረደ፥ ከማዶ ሳይደርስ ጀልባውን ለቀቀው። በሚከተለው ዓመት በሌላ የደንገል ጀልባ ተሳካለት። በባሕር መካከል ታንኳ አውጥቶ የሚያደርቅበት ስፍራ ከየት ይገኛል!

የእንጨትና የብረት ጀልባ ነገር አጭር ነው። ከውሃ ወጥቶ፥ ጭቃው ታጥቦ፥ ከመሬት ከፍ ባለ ድጋፍ ላይ ተገልብጦ ቢቀመጥ ዝናቡ አይጠራቀምበትም፤ ምስጥም በቶሎ አያገኘውም። ብዙ ጥንቃቄ የሚሻው ሞተሩ ነው።

ከውጭ አገር ከሞተር ጋር የሚመጣው መጽሐፍ ስለ ክረምት አያያዝ ሲናገር ብርድን ያነሣል። በእነዚያ አገሮች ክረምት ማለት ውሃ የሚረጋበት ጊዜ ነው፤ ውሃም በረዶ ሲሆን ከአሥራ አንድ እጅ አንድ እጅ ያህል ስለሚሰፋ፥ በሞተሩ ውስጥ የቀረ እንደ ሆነ ብረቱን ይሰነጥቃል። የእኛ አገር ሰው ይህን ሲሰማ «ይህ ለእኛ አልተጻፈም» ብሎ መጽሐፉን ይጥለዋል። ስሙ አንድ፥ ጠላቱ ግን ሌላ ስለ ሆነ ነው። የጎጃም ክረምት ብረትን የሚበላው በእርጥበት ነው። ከበሮ በሐምሌ ድምፁ እንደሚረግብ፥ የብራና መጽሐፍም በማኅደሩ ሆኖ ከግድግዳ ካልተሰቀለ እንደሚሻግት የማያውቅ የለም።

ብዙ ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው። ገበሬዎች ገንዘብ አዋጥተው የውሃ መሳቢያ ሞተር ይገዛሉ። በግንቦት መጨረሻ ዝናብ ሲጥል ሞተሩን ከነጭቃው ከነቤንዚኑ ተሸክመው ከአንዱ ቤት ማዕዘን ያኖሩታል። ከመስቀል በኋላ ሽንኩርቱና ድንቹ ውሃ ሲሻ ገመዱን ቢስቡ፥ ደግመውም ቢስቡ አይነሣም። ጠጋኝ እስኪመጣ ችግኙ ይደርቃል፤ ባለ ሞተሮቹም «ያስነሣኸው አንተ ነህ፥ ያበላሸኸው አንተ ነህ» እየተባባሉ ይጣላሉ። ሞተሩን ያበላሸው ግን ማንም ሳይነካው የቆየበት ያ ሦስት አራት ወር ነው።

ምክንያቱም ቤንዚን እንደ ጠላ ነው፤ ሲሰነብት ይሾመጥጣል። ቀላሉ ክፍል ተንኖ ይሄድና የቀረው እንደ ሙጫ ይሆናል። በካርቡሬተር ውስጥ ያለችው ቀዳዳ እጅግ ጠባብ ስለ ሆነች ጥቂት ሙጫ ይዘጋታል። ስለዚህ በመጨረሻው የሥራ ቀን፥ ሞተሩ ገና በወንዙ ዳር ውሃ እየሳበ ሳለ፥ የቤንዚኑን መዝጊያ ዘግቶ በራሱ እስኪጠፋ መተው ይገባል። ይህን በቤት አድርሶ ማድረግ ስሕተት ነው፤ መሳቢያው ያለ ውሃ ሲዞር ውሃ እንዳያፈስስ የሚከለክለው ክፍል ይቃጠላልና። የጀልባ ሞተርም ውሃ ካልቀዘቀዘበት እንዲሁ ይጎዳል። ከዚያ በኋላ በማጠራቀሚያው የቀረው ቤንዚን ይቀዳ፤ የመሳቢያውም የታች ብሎን ተፈትቶ ውሃውና አሸዋው ይውጣ። የጀልባ ሞተር ግን ቀጥ ብሎ ሲቆም ውሃው ራሱ ይወርዳል። በናፍጣ የሚሠራ ሞተር ሕጉ ሌላ ነው፤ ናፍጣው እስኪያልቅ አይነዳም፥ አየር በቱቦው ገብቶ በኋላ ያስቸግራልና፤ ማጠራቀሚያው ሞልቶ ይቀመጣል።

ዘይቱ የሚለወጠው ከክረምት በፊት እንጂ በኋላ አይደለም። አሮጌው ዘይት ጥላሸትና ብረት የሚበላ ኮምጣጣ ነገር ይዟልና። የጀልባ ሞተር በታች በኩል ጥርሶቹ ያሉበት ቤት ዘይቱ እንደ ወተት ነጥቶ ከወጣ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው። ደግሞ ካንዴላው ተፈትቶ በቀዳዳው አንድ ማንኪያ ንጹሕ የሞተር ዘይት ይጨመር፤ ገመዱ ሁለት ሦስት ጊዜ በዝግታ ይሳብ፤ ካንዴላው ይመለስ፤ ከዚያም ገመዱ ሲከብድ ይተው። ያን ጊዜ በሮቹ ተዘግተዋልና እርጥብ አየር አይገባም።

ስለ ማኖሪያው ስፍራ ሽማግሌዎች ይስሙ። ከምድጃ አጠገብ ደረቅ ነው ብሎ ሞተርን ማኖር ቤትን ማቃጠል ነው፤ የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ በወለሉ እየተሳበ እሳቱን ይፈልገዋል። ከብት ከሚያድርበትም አይኑር፤ የሽንቱ ትነት መዳብን ይበላል። ከማዳበሪያ ጆንያ ጋርም አይደርደር፤ ማዳበሪያ እርጥበት ይስባል። እሳት በማይነድበት ጎተራ፥ በእንጨት ቆጥ ላይ፥ በጆንያ ወይም በአሮጌ ጋቢ ተሸፍኖ ይቀመጥ። በላስቲክ አጥብቆ ማሰር ግን ያልበዋል። አይጥ እንዳይገባ የጭሱ መውጫ በጨርቅ ይወተፍ፤ ጨርቁም እንዳይረሳ በቀይ ክር ከማስነሻው ገመድ ጋር ይታሰር።

የጋራ ዕቃ ጠባቂ የለውም ይባላል። እድር መዝገብና ጸሐፊ እንዳለው ሁሉ ለሞተሩም አንድ ኃላፊ ይመረጥ፤ ዘይቱ የተለወጠበትን፥ ቤንዚኑም የተቀዳበትን ቀን መምህሩ በደብተር ይጻፍለት። ሽማግሌ ቢጠየቅ ቀኑን ይረሳል፤ ደብተር አይረሳም።

በመስከረም ሞተሩ ሲወርድ ጨርቁ ይነሣ፤ አዲስ ቤንዚን ይግባበት፤ መሳቢያው ከመነሣቱ በፊት በውሃ ይሞላ። ሲነሣ ነጭና ሰማያዊ ጭስ ቢያወጣ ማንም አይደንግጥ፤ በሰኔ የተጨመረው ዘይት ሲቃጠል ነው፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይጠራል።