መርማሪ በሌለበት ዕርድ፦ የዶሮ ሥጋ ምርመራ ከቄራ ውጭ



የሀገራችን የሥጋ ምርመራ አዋጅ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። ዛሬም የሠለጠኑ መርማሪዎቻችንን በአብዛኛው የምናገኛቸው በሬ፣ በግና ፍየል በሚታረድበት ቄራ ነው። አብዛኛዋ ዶሮ ግን ቄራ አታውቅም። እግሯ ታስሮ ከገበያ ትመጣለች፤ ግቢ ውስጥ ትታረዳለች፤ ጓዳ ውስጥ ትበለታለች። ታዲያ የሥጋዋ መርማሪ ማን ነው? ቢላዋውን የያዘችው እናት ናት።

ይህን የምለው ሙያችንን ለማቃለል አይደለም። በአሜሪካ የዶሮ ማረጃዎች በአንዱ የቆየ አሠራር አንድ መርማሪ በደቂቃ እስከ 35 ዶሮ ያይ ነበር፤ ለአንዷ ሁለት ሰከንድ እንኳ አይደርሳትም። ለዝግኒ ደርሆም ሆነ ለዶሮ ወጥ አንዲት ዶሮ የምታሰናዳ ሴት ግን ረጅም ጊዜ ታገላብጣታለች፤ በየመገጣጠሚያዋ ትከፍታታለች፤ 12 ብልት ታወጣላታለች። ጊዜውም እጁም አላት። ምን መፈለግ እንዳለባት የነገራት ግን የለም።

በዚያ ላይ ቆዳውና የሆድ ዕቃው ቀድመው ይጣላሉ፤ ማስረጃው የሚገኘው ግን በአመዛኙ እዚያ ነው። አብጦ የነሐስ መልክ የያዘ ጉበት የዶሮ ታይፎይድን ያስጠረጥራል። በጉበትና በጣፊያ ላይ የሚታዩ ነጫጭ እብጠቶች የማሬክ በሽታን፣ ሊምፎይድ ሉኮሲስን ወይም የአዕዋፍ ሳንባ ነቀርሳን ያሳስባሉ፤ በዓይን ብቻ መለየት ለእኛም ይከብደናል። ደም የሞላባቸው ዕውር አንጀቶች ወደ ኮክሲዲዮሲስ ያመለክታሉ። በፈንግል የተያዘች ዶሮ እጢያማ ጨጓራዋ ሲሰነጠቅ ውስጡ የደም ነጠብጣብ ሊታይበት ይችላል።

ከሁሉም ይልቅ የሥጋውን ቀለም አስተውሉ። ጤነኛ ሆና የታረደች ዶሮ ደሟ በሚገባ ስለሚፈስ ሥጋዋ ነጣ ይላል። ሞታ ወይም ስታጣጥር የተቆረጠች ከሆነ ደሙ ውስጧ ይቀራል፤ ሥጋዋ ይጠቁራል፣ ደም ሥሮቿ ተወጥረው ይታያሉ። ፈንግል በገባበት መንደር «ሳትሞት እንረዳት» ወይም «ሳትሞት እንሽጣት» ማለት የተለመደ ነው። ሀብቱ ጥቂት ዶሮዎች በሆኑ ቤተሰብ ላይ ልፈርድ አልችልም። የፈንግል ቫይረስ በደንብ በበሰለ ወጥ ውስጥ አይተርፍም፤ ሰውን ቢይዝም ብዙውን ጊዜ ከቀላል የዓይን ሕመም አያልፍም። ጉዳቱ የሚደርሰው በጎረቤት ዶሮዎች ላይ ነው። ላባው፣ አንጀቱና የታጠበበት ውኃ ደጅ ሲደፋ በሽታው ከቤት ወደ ቤት ይዛመታል። ውድቅ የተደረገ ሥጋ በጥልቀት ይቀበራል እንጂ ለውሻ አይጣልም።

እዚህ ላይ የዓይን ምርመራ ወሰኑን መናገር ይገባኛል። ሰውን ክፉኛ የሚያሳምሙት ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር ፍጹም ጤነኛ በምትመስል ዶሮ ላይ ይገኛሉ፤ ጉበቷ የሚያምር፣ ሥጋዋም የጠራ ሊሆን ይችላል። ቆዳውን መግፈፋችን በጎ ልማድ ነው፤ ብዙው ተህዋሲ የሚጣበቀው እዚያ ነውና። የወጡም ረጅም ብስለት የሥጋው መሐል ሊደርስበት ከሚገባው 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ያደርሰዋል። ሎሚና ጨው ዝልግልጉንና ሽታውን ያስወግዳሉ፤ ተህዋሲን ግን አጥበው አይጨርሱም፤ እንዲያውም ፍንጣቂው በዙሪያው ያለውን ዕቃ ይበክላል። አደጋው ዶሮ የተበለተበት ቢላዋ ሳይታጠብ ለሰላጣ ቲማቲም ሲከትፍ ነው። የመድኃኒት ቅሪት ደግሞ ለዓይን አይታይም፤ ብዙውን ጊዜ እሳትም አያጠፋውም። መፍትሔው ከሕክምና በኋላ ሊጠበቅ የሚገባውን ጊዜ አርቢው ማክበሩ ነው።

ስለዚህ ተማሪዎቻችን የተግባር ልምምዳቸውን ከቄራው ባሻገር በዶሮ ገበያም እንዲያደርጉ ሐሳብ አቀርባለሁ። ከበዓል በፊት ባለው ሰኞ እዳጋ ሰኑይ ወርደን ከገዢዎች ጎን እንቁም። ኩክኒዋ ጠቁሯል? አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች? ከጅራቷ ሥር ያለው ላባ በአረንጓዴ ቅዘን ተበክሏል? አንገቷ ተጣሟል? የደረት አጥንቷ እንደ ቢላዋ ስለት ወጥቷል? ይህን ሁሉ ለማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ገዢውም ገንዘቡን ገና አልከፈለም።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።