የኩላሊት ካንሰር አንድ በሽታ አይደለም

የኩላሊት ካንሰር በአንድ ስም ቢጠራም አንድ በሽታ አይደለም፤ የተለያዩ ዓይነቶች አሉት። በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ተመራማሪ የሆኑት የቀዶ ሕክምና ሐኪም ዶክተር ማርስተን ሊነሃን፣ በሽታው ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍባቸውን ቤተሰቦች ለዓመታት አጥንተው በ1993 እ.ኤ.አ. ከባልደረቦቻቸው ጋር ቪኤችኤል የተባለውን ዘረመል ለዩ። ዘረመሉ ሲበላሽ ሴሉ ኦክስጅን ያጠረው ይመስል አዳዲስ የደም ሥሮች እንዲበቅሉ ያዛል፤ ዕጢውም ከዚያ ይመገባል።

«እንዲህ ያሉ ቤተሰቦች ጥቂት ናቸው፤ ለብዙኃኑ ምን ይፈይዳል?» የሚል አይጠፋም። ይሁንና በዘር ባልመጣው፣ በብዛት በሚታየው የኩላሊት ካንሰር ዓይነትም ይኸው ዘረመል አብዛኛውን ጊዜ ተበላሽቶ ይገኛል። በ2021 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተፈቀደው ቤልዙቲፋን የተባለ መድኃኒትም የተሠራው በዚሁ ዕውቀት ላይ ተመሥርቶ ነው። በሽታው በዘር ሊተላለፍ ስለሚችል በቤተሰብዎ የኩላሊት ካንሰር የታመመ ካለ ለሐኪምዎ ሳይነግሩ አይለፉ።