የሩዝ ቅርፊት፣ ፌስታልና የጽዳት ሙያ በወረታ

(በወረታ ለጽዳት ማኅበራት አባላትና ለሩዝ መፈልፈያ ባለቤቶች በተዘጋጀ የሙያ ማሻሻያ ሥልጠና መክፈቻ ላይ የቀረበ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ የቆሻሻ አያያዝና መልሶ የመጠቀም ሙያ ዛሬ ያለበት ፈተና የሚል ነው። ርእሱ ሰፊ ነው። በስፋቱ ልክ ብከተለው ስለ ዓለም ሁሉ ተናግሬ ስለ ወረታ ሳልናገር መቀመጤ ስለማይቀር፣ እዚሁ በዓይን ከምናየው ልጀምር።

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ መንገደኛ ወረታ ሲደርስ ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ የሚገነጠለውን መንገድ ያገኛል። አብሮም የሩዝ መፈልፈያዎችንና በአጠገባቸው የተቆለለውን ቅርፊት ያያል። ሩዝ በፎገራ ሜዳ በ1970ዎቹ፣ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ መዘራት ሲጀምር፣ ክረምት ከክረምት ውኃ የሚተኛበት ይህ ዋልካ መሬት እንዲህ ያለ ሀብት ይወጣዋል ብሎ የገመተ ብዙ አልነበረም። ዛሬ ገበሬው ሩዙን አንሥቶ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራበታል፤ ሩዙም ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ሆኗል። ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም በዚሁ ተቋቁሟል። ስለ ዝርያው፣ ስለ ማዳበሪያው፣ ስለ ገበያው ብዙ ተመክሯል። ስለ ቅርፊቱ ግን የተነጋገርነው ጥቂት ነው።

ሒሳቡን እንየው። ካልተፈለፈለ ሩዝ ክብደት ውስጥ አንድ አምስተኛ ያህሉ ቅርፊት ነው። በቀን 50 ኩንታል የሚፈለፍል ባለ ወፍጮ 10 ኩንታል ቅርፊት በደጁ ይቀርበታል ማለት ነው። አስቸጋሪው ግን ክብደቱ አይደለም፤ የሚይዘው ቦታ ነው። ያልተጠቀጠቀ ቅርፊት በአንድ ሜትር ኩብ 100 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ስለሚመዝን፣ አይሱዙ መኪና ሊሸከም ከሚችለው ክብደት ገና ሩቅ ሳለ አናቱ ይሞላል። ባለ ወፍጮው የሚከፍለው አየር ለማጓጓዝ ነው። ስለዚህ የሚቀለውን ይመርጣል፤ እሳት ይለኩስበታል።

እሳቱም በነበልባል ተቃጥሎ የሚያልቅ አይደለም። ቅርፊቱ ውስጥ ውስጡን እየጨሰ ለቀናት ይቆያል፤ ጢሱም የሚያርፈው በጎረቤት ቤት ላይ ነው። የሩዝ ቅርፊት ከሌላው ገለባ የሚለይበት ነገር ሲሊካ የተባለው ማዕድን መብዛቱ ነው። ከተቃጠለ በኋላ ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ያህል አመድ ይቀራል፤ የአመዱም አብዛኛው ክፍል ሲሊካ ነው። በተመጠነ ሙቀት የተገኘ አመድ ከሲሚንቶ ጋር ተቀላቅሎ ለግንባታ ይረዳል። ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ግን ሲሊካው ጠባዩን ይለውጣል፤ ብናኙ በሳንባ ውስጥ ገብቶ የማይድን ጠባሳ ሊያስከትል ይችላል። አንድ ዓይነት አመድ፣ በአንዱ እጅ ሀብት በሌላው እጅ ሕመም ይሆናል። ልዩነቱን የሚያመጣው የሠሪው ዕውቀት ነው፤ ሙያ የምንለውም ይህንኑ ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ብዙ ገንዘብ ያለ ፍሬ የሚባክነው እዚህ ላይ ነውና።

ቅርፊቱን ጨምቆ እንደ ፍልጥ የሚነድ ማገዶ የሚያደርግ ማሽን አለ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ቦታ የሚይዘውን ነገር አጥብቆ ስለሚያሳንሰው የማጓጓዣውን ችግር ይፈታል። ነገር ግን ያው ሲሊካ ብረትን እንደ ሞረድ ይበላል። ቅርፊቱን የሚገፋው ጠመዝማዛ ብረት በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ሥራ ይበላና ማሽኑ ይቆማል። መፍትሔው የታወቀ ነው፦ ጠንካራ የብየዳ ኤሌክትሮድ ተጠቅሞ የተበላውን ብረት መልሶ መሙላት፣ ቅርፊቱንም ወደ ማሽኑ ከመግባቱ በፊት ማሞቅ። ታዲያ ማሽን ሲሰጥ ሥልጠናው ለማን ይሰጣል? ለሊቀ መንበሩ፣ ለጸሐፊው፣ ለሒሳብ ሹሙ። በያጁን ማንም አይጠራውም። ማሽኑ በሦስተኛው ሳምንት ይቆማል፤ በዓመቱም ዶሮ ይሰፍርበታል። እኔ እንደማምነው ለወረታ ከአንድ አዲስ ማሽን ይልቅ ሁለት በሚገባ የሠለጠኑ በያጆች ይጠቅሟታል። ይህን ስል የሚከፋው ለጋሽ ሊኖር ይችላል፤ ይክፋው።

ማሽን ሳያስፈልግ የሚሠራም አለ። በጃፓንና በፊሊፒንስ ገበሬዎች ዙሪያውን የተበሳሳ የቆርቆሮ ጭስ ማውጫ መሬት ላይ ያቆማሉ፤ በውስጡ እሳት ያያይዙና ቅርፊቱን ዙሪያውን ይቆልሉበታል። ቅርፊቱ ከመሐል ወደ ውጭ እየጠቆረ ይሄዳል። ሁሉም ጠቁሮ ወደ አመድነት ከመለወጡ በፊት በውኃ ያጠፉታል። የሚገኘው የከሰለ ቅርፊት የችግኝ አፈርን ያላላል፤ ተጨፍቆ የሚይዘውን ዋልካም ያናፍሳል። እዚህ ላይ የሚጠየቀው ሙያ የማጥፊያውን ሰዓት ማወቅ ነው። አንድ ሰዓት ከተዘገየ አመድ ብቻ ይቀራል። አንዲት የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ ሦስት ጊዜ ሠርታ ልትለምደው ትችላለች።

በሕንድ በቢሀር ግዛት በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ሥራ የጀመረ አንድ ድርጅት የሩዝ ቅርፊትን ወደ ጋዝ እየለወጠ መብራት የሌላቸውን መንደሮች አበርቷል፤ በኋላ ግን የፀሐይ ኃይልን አክሎበታል። ይህን የማነሣው እንድንቀዳው አይደለም። ያ ሥራ በየመንደሩ የሠለጠነ ጠጋኝና ኃላፊ ኦፕሬተር ካልኖረ አንድ ወር እንደማይቆም ለማሳየት ነው።

ባለ ወፍጮዎችን አንድ ነገር ልጠይቅ። መፈልፈያችሁ ቅርፊቱንና ብናኙን በአንድ አፍ የሚያወጣ ከሆነ ሁለቱንም ታጣላችሁ። ብናኙ ለከብትና ለዶሮ መኖ ይሆናል፤ ቅርፊቱ ግን ለከብት ምግብነት አይረባም። መለየት ከምንጩ ካልተጀመረ፣ በኋላ በወንፊት የሚደረገው ድካም ትርፉን ይበላዋል።

ከብት ካነሣን የፎገራን ላም ሳንጠቅስ አናልፍም። በወተቷ የታወቀች የዚህ ሜዳ ዝርያ ናት። ሩዙ የግጦሹን መሬት ሲወስድ ከብቱ ወደ መንገድ ዳር ወጣ፤ መንገድ ዳር ደግሞ ፌስታል አለ። ጨው ወይም የምግብ ሽታ የቀረበት ፌስታል በከብት ሆድ ውስጥ አይፈጭም፤ እየተጠቀለለ ይከማቻል። ላሟ ትከሳለች፣ ወተቷ ይነጥፋል፣ ባለቤቷም መድኃኒት ሲገዛ ይከርማል። ስትታረድ ነው ምክንያቱ የሚታየው። ፌስታል የከተማ ውበት ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ አንድ ቀን ቄራ ቢውል መልካም ነው።

ሕጉ የዛሬ አይደለም። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያነሰ ፌስታልን ገድቦ ነበር፤ እያንዳንዱ ቤተሰብም መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ከሌላው እንዲለይ ያዝዝ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በፌስታል ላይ የጠበቀ አዲስ አዋጅ አጽድቋል። በመሐከሉ ባሉት ዓመታት የጎደለው አዋጅ አልነበረም። የቤት እመቤቷ ብትለይ ተረካቢው ጋሪ ሁሉንም አንድ ላይ ይደፋዋል፤ ጋሪው ቢለይ ገዢ የለም። የፕላስቲክ ጠርሙስ ገዢዎች በአብዛኛው አዲስ አበባና ዙሪያዋ ናቸው፤ መንገዱም እንደምታውቁት በእነዚህ ዓመታት አልተመቸም። አዲስ አበባ ቆራሌው በየበሩ የሚጮኸው፣ ምናለሽ ተራም የሚሞቀው ገዢ ስላለ ነው። እዚህ ማኅበራቱ ማድረግ የሚችሉት ጠርሙሱን ከክዳኑ ለይቶ፣ አጥቦና ጨፍልቆ ጭነት እስኪሞላ ማከማቸት ነው። ያልታጠበና የተደባለቀ ጠርሙስ ዋጋው ወዲያው ይወርዳል። (ባዶ ሀይላንድ ለጠበል መያዣ የሚፈልግ ምእመን ብዙ ስለሆነ በየደብሩ በር መሰብሰቢያ ቢኖር የሚከብድ አይመስለኝም፤ ነገር ግን ፀረ አረም ተይዞበት የነበረ ጠርሙስ እንዳይገባ የሚቆጣጠር ሰው ያስፈልጋል።)

ከሁሉ በፊት ግን ስለ ሠራተኛው።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቆሼ በተባለው ስፍራ የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ በዚያው ዙሪያ የሚኖሩና ከዚያው የሚተዳደሩ ነበሩ። ቆሻሻ ያለ ልክ ሲቆለል፣ ቁልቁለቱ ሲሰላ፣ ውስጡ በውኃ ሲርስ እንደሚናድ ለመረዳት የምሕንድስና ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ የሚያስጠነቅቅና የሚሰማ ሰው ግን ያስፈልጋል። ወረታ የቆሼ ያህል ክምር የላትም። ያላት ጎርፍ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ ፎገራን ያጥለቀለቀውን ውኃ የምታስታውሱ በዚህ አዳራሽ አላችሁ። መጣያ ቦታ ሲመረጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ውኃው በነሐሴ እስከ የት ይደርሳል?» የሚለው ነው፤ ይህንንም ከካርታ ይልቅ የቀበሌው ሽማግሌዎች ያውቁታል። ዋልካ በበጋ እንደሚሰነጠቅ፣ የቆሻሻው ፍሳሽም በስንጥቁ ወደ ጉድጓድ ውኃ ሊወርድ እንደሚችል መታሰብ አለበት። የቀረውን ርብና ጉማራ ወደ ጣና ይወስዱታል። በ2003 ዓ.ም. አካባቢ በሐይቁ የታየው እምቦጭ ከሚመገበው ውስጥ ከየከተማውና ከየማሳው የሚታጠበው ይገኝበታል።

እምቦጭን ኮምፖስት እናድርገው ለሚሉ አንድ ማሳሰቢያ፦ ከሰውነቱ ከዘጠና በመቶ በላይ ውኃ ስለሆነ ለብቻው ከተከመረ ይሸታል እንጂ አይብላላም፤ ደረቅ የሩዝ ገለባ ያስፈልገዋል። ፍሬውም ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ስለሚቆይ ክምሩ በደንብ ካልጋለና ካልተገላበጠ አረሙን ወደ ማሳ ማዛመት ይሆናል።

ወደ ሠራተኛዋ እመለሳለሁ፤ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸውና። በባዶ እጇ ከከረጢቱ መርፌ ታገኛለች፤ የጤና ተቋም ቆሻሻ ከቤት ቆሻሻ ጋር መደባለቅ የለበትም ብሎ መጻፍ ለእርሷ ጓንት አይሆናትም። የቴታነስና የጉበት ክትባት፣ ወፍራም ጓንት፣ ለቅርፊትና ለአመድ የሚሆን የአፍንጫ መሸፈኛ ከማንኛውም ትምህርት በፊት ሊቀርቡ ይገባል። ከዚያ በኋላ ሥልጠና። የሥልጠናው ፍሬም አበልና ቦርሳ ሳይሆን የሙያ ብቃት ምዘና ወስዳ በእጇ የምትይዘው ማረጋገጫ ይሁን፤ ሌላ ከተማ ብትሄድ ባለሙያ ተብላ እንድትቀጠር።

ስለዚህ የሦስቱን ቀን መርሐ ግብር አሸጋሽገናል። ነገ ጠዋት በአንድ ሰዓት ሚዛን ይዘን ወደ ሦስት መፈልፈያዎች እንሄዳለን፤ የገባውን ሩዝና የወጣውን ቅርፊት መዝነን እንጽፋለን። ከሰዓት በኋላ የቆርቆሮውን ጭስ ማውጫ እናቆማለን፤ ማጥፊያውን ሰዓት የሚወስኑት ሴቶቹ ናቸው። በሦስተኛው ቀን ከከተማው ሁለት በያጆች ይመጣሉ። ጓንቱና የአፍንጫ መሸፈኛው በበሩ ላይ አለ፤ ስትወጡ ቁጥራችሁን እየነገራችሁ ውሰዱ።