የጋራዥን በር የሚያነሣው ማን ነው? ስለ ሞላ፣ ስለ ሚዛንና ስለ መደበኛ ጥገና

(ለሕዝብ ክፍት በሆነው የፋኩልቲው የገለጻ መርሐ ግብር ላይ የቀረበ)



በእኛ ከተሞች «ጋራዥ» ሲባል ወደ አእምሮ የሚመጣው መኪና የሚጠገንበት፣ ዘይትና የብየዳ ጭስ የሚሸት ግቢ ነው። ዛሬ የምናገርለት ጋራዥ ግን ሌላ ነው፤ በሰሜን አሜሪካ ከመኖሪያ ቤት ጋር ተያይዞ የሚሠራው የመኪና ማሳደሪያ ክፍል ነው። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ ወይም በሚኒሶታ ቤት የገዙ ዘመዶችና የቀድሞ ተማሪዎች ያሏችሁ ሁሉ፣ ቁልፍ ሲጫኑት ወደ ጣሪያው የሚንሸራተተውን ያን ሰፊ በር በስልክ ምስል ሳታዩት አልቀራችሁም። በቤቱ ውስጥ ካሉት ተንቀሳቃሽ አካላት ሁሉ ከባዱ ብዙውን ጊዜ እርሱ ነው። ባለቤቱ የሚያደርግለት እንክብካቤ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሪሞቱን ባትሪ ከመለወጥ አያልፍም።

የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። በሩን የሚያነሣው ሞተሩ አይደለም፤ ሞላው ነው። ስለሆነም ሞተሩን ከበሩ ሳይለዩ የሚደረግ ምርመራ ዋናውን ነገር ሳያይ ያልፋል። ታሪኩም ይህንኑ ይመሰክራል። አሜሪካዊው ሲ. ጂ. ጆንሰን ወደ ላይ የሚነሣውን በር የሠራው በ1921 ሲሆን፣ የኤሌክትሪክ መክፈቻውን የጨመረበት በ1926 ነው (ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። ሞተሩ ወደ በሩ የመጣው ዘግይቶ ነው።

እስቲ በስሌት እንየው። ሁለት መኪና የሚያስገባ የተለመደ በር 4.9 ሜትር ያህል ስፋትና 2.1 ሜትር ያህል ቁመት አለው፤ ክብደቱን 80 ኪሎ ግራም እንበል። ተዘግቶ ሳለ የስበት ማእከሉ ከወለሉ 1.05 ሜትር ላይ ነው፤ ተከፍቶ በጣሪያው ሥር ሲጋደም ወደ 2.1 ሜትር ይወጣል። እንግዲህ በእያንዳንዱ መክፈት 80 ኪሎ ግራም በ1.05 ሜትር ከፍ ይላል፤ ይህም 820 ጁል ያህል ነው። በሚዛን ላይ ያለ በር ግን በአንድ እጅ ይነሣል። ያ ሁሉ ኢነርጂ በሩ ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ ከበሩ አናት በላይ ባለው ዘንግ ላይ በተጠመጠመው ሞላ ውስጥ ተከማችቶ ይጠብቅ ነበር ማለት ነው።

(«ሞላ» የሚለው ቃል፣ እንደ «ግራሶ»፣ «ቡሎን»ና «ኩሽኔታ» ሁሉ፣ ከጣልያንኛ ወደ መካኒኮቻችን አፍ የገባ ነው። በክፍል ውስጥ «ስፕሪንግ» ካላላችሁ እንደማትከበሩ የሚሰማችሁ ተማሪዎች ካላችሁ፣ ቃሉ ለእኔ በቂዬ ነው።)

የዚህ መሣሪያ ውበት እዚህ ላይ ነው። በሩ በአግድም ከተከፋፈሉ ክፍሎች የተሠራ በመሆኑ፣ ሲነሣ ክፍሎቹ አንድ በአንድ ወደ አግድሙ ሐዲድ ይገባሉ፤ ሐዲዱም ክብደታቸውን ይረከባል። ስለዚህ ሞላው ሊሸከመው የሚገባው ክብደት በሩ ከፍ ባለ ቁጥር በቀጥታ መስመር ይቀንሳል። በሌላ በኩል ሞላው በተፈታ ቁጥር የመጠምዘዝ ጉልበቱ፣ ሮበርት ሁክ በ1678 ባሳተመው ሕግ መሠረት፣ እርሱም በቀጥታ መስመር ይቀንሳል። በትክክል የተመረጠ ሞላ ማለት ሁለቱ መስመሮች እርስ በርሳቸው የሚደራረቡለት ማለት ነው። ኮምፒውተር የለ፣ መቆጣጠሪያ የለ፤ አንድ ሽቦና አንድ ዘንግ ብቻ!

ለሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር፤ በፈተና ላይ በተደጋጋሚ የሚሳሳቱበት ነገር ነውና። ይህ ሞላ በአጠቃላይ የሚጠመዘዝ ቢሆንም፣ ሽቦው ራሱ የሚደርስበት ጫና የመጉበጥ እንጂ የመጠመዘዝ አይደለም። በአንጻሩ በሐዲዱ ጎን ተዘርግቶ በሚሳበው በሌላው ዓይነት ሞላ ውስጥ ያለው ሽቦ ነው የሚጠመዘዘው። የስሙን ትርጉም ብቻ ይዞ ወደ ቀመር የሚሮጥ ሰው በሁለቱም ይሳሳታል።

ይህ የመጉበጥ ጫና በሩ በተዘጋ ቁጥር ይጨምራል፤ በተከፈተ ቁጥር ይቀንሳል። ጀርመናዊው አውጉስት ቨለር በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የባቡር አክስሎችን ሲመረምር እንዳሳየው፣ ብረት በአንድ ጊዜ ሊሰብረው ከሚችለው እጅግ ባነሰ ጫና እንኳ፣ ጫናው ከተደጋገመበት ይሰበራል። ይህን የብረት ድካም እንለዋለን። የተለመደው የጋራዥ ሞላ የሚሠራው ለ10,000 ዙር ነው፤ አንድ መክፈትና አንድ መዝጋት አንድ ዙር ነው። በሩን በቀን ሁለት ጊዜ የሚከፍት ቤተሰብ 13 ዓመት ተኩል ያህል ይጠቀምበታል። ባልና ሚስት በተለያየ ሰዓት የሚሠሩበት፣ ልጆችም ብስክሌታቸውን የሚያወጡበት ቤት በቀን አምስት ጊዜ ቢከፍት፣ ዕድሜው ከአምስት ዓመት ተኩል አያልፍም። ዝገት ሲታከልበት ደግሞ ያጥራል፤ በሽቦው ገጽ ላይ ያለች ትንሽ የዝገት ጉድጓድ ለስንጥቁ መነሻ ትሆናለችና። በሞላው ላይ ስስ ዘይት መቀባት የሚመከረው ድምፅን ለመቀነስ ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ሞተሩ እንመለስ። ሞተሩ ሚዛኑን የጠበቀ በርን ለመግፋትና ለመሳብ ብቻ የታሰበ ነው። ነገር ግን የተወሰነ ትርፍ አቅም አለው፤ ችግሩም ከዚህ ይጀምራል። ሞላው ሲላላ ሞተሩ ትርፉን አውጥቶ ጉድለቱን ይሸፍናል። ባለቤቱ የሚሰማው ትንሽ ማቃሰት ብቻ ነው። በሩ መሐል ላይ መቆም ሲጀምር ደግሞ አንድ «የሚያውቅ» ጎረቤት ይመጣና የሞተሩን የጉልበት ማስተካከያ ከፍ ያደርገዋል። በሩ ዳግም ይሠራል፤ ጎረቤቱም ይመሰገናል።

ሆኖም በሩ ሲወርድ ዕንቅፋት ቢነካ ወደ ላይ እንዲመለስ የሚያደርገው ያው የጉልበት ልኬት ነው። ማስተካከያውን ከፍ ያደረገ ሰው፣ በሩ ከመመለሱ በፊት በሥሩ ያለውን አካል ይበልጥ እንዲጫን ፈቅዶለታል። በዩናይትድ ስቴትስ ልጆች በእነዚህ በሮች ሥር ተይዘው ሞተዋል። ኮንግረስ በ1990 ባወጣው ሕግ መሠረት፣ ከጥር 1 ቀን 1993 ጀምሮ የሚመረቱ የቤት መክፈቻዎች ሁሉ በሥራቸው ሰው እንዳይያዝ የሚያደርግ መከላከያ እንዲኖራቸው የተደነገገውም ስለዚህ ነው። በበሩ ግራና ቀኝ፣ ከወለሉ ከ15 ሳንቲ ሜትር ሳይበልጥ የሚተከሉት ሁለት የብርሃን ሴንሰሮች የዚያ ሕግ ውጤት ናቸው። እነርሱን እያነሡ ከጣሪያው ሥር ፊት ለፊት አጋጥመው የሚያስሩ ሰዎች አሉ፤ በሩ «ያለ ምክንያት» እየተመለሰ ስላስቸገራቸው ነው። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ በመስተዋቱ ላይ ያረፈ አቧራ ወይም የሸረሪት ድር ነበር፤ በደረቅ ጨርቅ ይጸዳ ነበር።

እንግዲህ ባለቤቱ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዱን ክረምቱ ከመግባቱ አስቀድሞ፣ ምን ያድርግ? በሩን ይዝጋ። መዝጋቱን አደራ እላለሁ፤ ሞላው ተሰብሮ ከሆነ፣ ተከፍቶ ሳለ ሞተሩን የለቀቀ ሰው 80 ኪሎውን በራሱ ላይ ይጥላል። ከዚያ የተንጠለጠለውን ቀይ ገመድ ስቦ በሩን ከሞተሩ ይለይ፤ በእጁም እስከ ወገቡ ድረስ ያንሣውና ቀስ ብሎ ይልቀቀው። ባለበት ከቆመ ሚዛኑ ደህና ነው። ወደ ታች ከወረደ ሞላው ደክሟል፤ ወደ ላይ ከሸሸ ደግሞ ከመጠን በላይ ጠብቋል። ይህ ፈተና አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ በእኔ ግምት ከቀሩት ሥራዎች ሁሉ ተደምረው ይበልጣል።

ቀጥሎ ሞተሩን መልሶ አገናኝቶ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ጣውላ በወለሉ ላይ ያጋድምና በሩን ያውርድበት፤ ነክቶት ወዲያው ካልተመለሰ መክፈቻው ሳይጠገን አገልግሎት ላይ መዋል የለበትም። ማጠፊያዎቹንና የመንኮራኩሮቹን ኩሽኔታ በሊቲየም ግራሶ ወይም በሲሊኮን ይቀባ። ሐዲዱን ግን በጨርቅ ይጥረገው እንጂ አይቀባው፤ ግራሶ በዚያ ላይ አቧራ ሰብስቦ ጭቃ ይሆናል።

ካቦውን በዓይኑ ብቻ ይመርምር፤ በተለይ ከበሩ ግርጌ ጋር የሚያያዝበትን ቦታ። በረዷማ አገር ለመንገድ የሚበተነው ጨው ከመኪናው ላይ እየቀለጠ ወደ ጋራዡ ወለል ይንጠባጠባል፤ ካቦውም መበላት የሚጀምረው ከዚያው ከታች ነው። አንድ ክሩ እንኳ ተበጥሶ ከታየ ባለሙያ ይጠራ። የግርጌውን ማያያዣ ቡሎኖች ባለቤቱ ፈጽሞ አይንካ፤ በሩ ተዘግቶ ጸጥ ባለበት ሰዓት እንኳ ካቦው የሞላውን ሙሉ ጉልበት ተሸክሟል። ሞላውን ማጥበቅም ሆነ መፍታት እንዲሁ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ከእጅ ያመለጠ ማጠንከሪያ ዘንግ አጥንት ይሰብራል። በጎን የሚዘረጋ ሞላ ያለው ቤት ደግሞ በሞላው መሐል የሚያልፍ መከላከያ ሽቦ መኖሩን ያረጋግጥ፤ ሞላው ሲበጠስ ቁርጥራጩን ከመወርወር የሚያግደው እርሱ ብቻ ነው።

ከፈጸምኩ በኋላ ስለ ባትሪ እንደምትጠይቁኝ ስለማውቅ አስቀድሜ ልመልስ። በ2017 በሰሜን ካሊፎርኒያ ሰደድ እሳት ሲነሣ መብራት ጠፍቶ የጋራዥ በራቸውን መክፈት ያቃታቸው ሰዎች ነበሩ። ግዛቲቱም ከሐምሌ 1 ቀን 2019 ጀምሮ የሚሸጡ መክፈቻዎች ሁሉ መጠባበቂያ ባትሪ እንዲኖራቸው በሕግ አዘዘች። ሕጉን እደግፋለሁ። ይሁን እንጂ ባትሪውም ያረጃል፤ ደግሞም ቀዩን ገመድ ስባ፣ ሚዛኑን የጠበቀ በር በእጇ ከፍታ መውጣት የምትችል አንዲት አሮጊት እናት ያለ ባትሪው ትወጣለች። ከቤተሰቡ አባላት ይህን በእጃቸው ሞክረው የሚያውቁት ስንቶቹ እንደሆኑ ባለቤቱ በዚያው የፈተና ቀን ሊያይ ይችላል።

ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።