የአንገት እብጠት ሁሉ አንድ አይደለም



እኛ የካማሺ ሴቶች እንቅርትን ከልጅነታችን ጀምሮ ስላየነው እንደ በሽታ አንቆጥረውም። ዋናው መንስኤ የአዮዲን እጥረት ነው። በ2003 ዓ.ም. የወጣው ደንብ የምግብ ጨው አዮዲን እንዲኖረው ያዘዘው ለዚህ ነው። ጨዋችንን በክዳን ዕቃ እናስቀምጥ፤ ወጥ ላይ ሊወርድ ሲል እንጨምረው።

ነገር ግን ሁሉም እብጠት የጨው ጉዳይ አይደለም። አንዳንዴ የሰውነታችን መከላከያ ተሳስቶ የራሱን የታይሮይድ ዕጢ ያጠቃል። ያኔ ድካም፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የሆድ ድርቀትና የወር አበባ መዛባት ይመጣል፤ ዕጢው ሲያብጥም ጉሮሯችን ላይ አንዳች ነገር የተቀረቀረ ይመስለናል። «ሰነፍ» እያልን የምንወቅሳት እህት ታማ ሊሆን ይችላል። ይህ ጨው በማብዛት አይድንም፤ የደም ምርመራና ሐኪም የሚያዘው መድኃኒት ይፈልጋል።

ዕጢው ላይ ጉብታ ቢገኝም አንደንግጥ፤ አብዛኛው ካንሰር አይደለም። ድምፃችን ሻክሮ ከቆየ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ከከበደን፣ ጉብታው ጠንክሮ በፍጥነት ካደገ ግን ቀን አንቁጠር። ማስበጣትና ማስተኮስ ይቅር።

አንገታችንን መሸፈን ይብቃን። አንዳችን ለምርመራ ስንሄድ ሌላችን ልጆቿን እንያዝላት፤ ማኅበራችን የተቋቋመው ለዚሁ ነው።