የነባር ደንበኛ ወለድ

በአውስትራሊያ ቤት የሚገዛ ሰው ከዋጋው አብዛኛውን ድርሻ የሚሸፍነው ከባንክ በሚወስደው ብድር ሲሆን፣ እዳው ተከፍሎ እስኪያልቅ ድረስ ቤቱ በመያዣነት ተይዞ ይቆያል፤ የመክፈያው ጊዜም በተለምዶ 25 ወይም 30 ዓመት ነው። በዩናይትድ ስቴትስ የተለመደው የ30 ዓመት ብድር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ወለዱ አይለወጥም። በአውስትራሊያ ግን የአብዛኛው ተበዳሪ ወለድ ተለዋዋጭ ነው፤ ይኸውም ባንኩ በውሉ በተሰጠው መብት ምጣኔውን ከፍ ወይም ዝቅ ሊያደርገው ይችላል፣ ተበዳሪው ደግሞ የሚነገረውን ተቀብሎ ወርሃዊ ክፍያውን ከማስተካከል ወይም ብድሩን ወደ ሌላ ባንክ ከማዛወር በቀር አማራጭ የለውም። በዚህ ምክንያት የቤት ብድር ወለድ በዚያ አገር የባንክና የደንበኛ የግል ጉዳይ ሆኖ አያውቅም፤ የሕዝብ ተወካዮች የባንክ ኃላፊዎችን ጠርተው የሚጠይቁበት የፖለቲካ ጉዳይ ነው።

ለጥያቄው መነሻ የሚሆነው በሁለት ምጣኔዎች መካከል ያለው ርቀት ነው። አንደኛው የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ፣ ማለትም ሪዘርቭ ባንክ፣ የሚወስነው ይፋዊ ወለድ ሲሆን፣ ይህም ባንኮች ለአንድ ሌሊት እርስ በርስ ሲበዳደሩ የሚከፍሉት ነው። ሁለተኛው ባንኮቹ ራሳቸው ለቤት ገዢዎች የሚያስቡት ወለድ ነው። ባንኮች የሚያበድሩትን ገንዘብ ከአስቀማጮች፣ ከቦንድ ሽያጭና ከውጭ ገበያ ስለሚያሰባስቡ ወጪያቸው ይፋዊውን ወለድ እግር በእግር ላይከተል ይችላል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ወጪያቸው ሲጨምር በፍጥነት የሚታይ፣ ሲቀንስ ደግሞ የሚዘገይ ከሆነ፣ በመካከል ያለው ትርፍ የማን እንደሆነ መጠየቅ የምክር ቤት ግዴታ ይሆናል።

የቤት ብድሩን ገበያ ሦስት አራተኛ ያህል የያዙት አራት ባንኮች ናቸው፤ ኮመንዌልዝ ባንክ፣ ዌስትፓክ፣ ናሽናል አውስትራሊያ ባንክ እና ኤኤንዜድ። እነዚህ አራቱ እርስ በርስ እንዳይዋሃዱ የሚከለክለው መመሪያ በ1990 (ዓመታቱና ወራቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፖል ኪቲንግ የገንዘብ ሚኒስትር ሳሉ የተጀመረ ሲሆን፣ በወቅቱ ሁለት የኢንሹራንስ ኩባንያዎችን ጨምሮ ስድስት ተቋማትን ይመለከት ነበር፤ በኋላ ወደ አራት ወርዶ የአራቱ ምሰሶዎች መመሪያ የሚል ስም አገኘ። መመሪያው አራቱን ከመዋሃድ ቢከለክልም ታናናሾቹን ከመዋጥ አላገዳቸውም። በ2008 የዓለም የገንዘብ ቀውስ ሲደርስ ዌስትፓክ ሴንት ጆርጅን፣ ኮመንዌልዝ ባንክ ደግሞ ባንክዌስትን ጠቅልለው ወሰዱ፤ ለአራቱ ፈተና ሊሆኑ ይችሉ የነበሩ ተፎካካሪዎች በዚሁ ከገበያው ወጡ። የምርታማነት ኮሚሽን በ2018 ባወጣው ጥናት ይህን መመሪያ አላስፈላጊ ነው ብሎ መፈረጁ ተገቢ ነበር፤ የውድድር ሕጉ ውህደትን የመመርመር ሥልጣን እያለው፣ አራት ባንኮችን በስም ለይቶ ማቆየት ከውድድር ይልቅ ከለላ ሆኖ ያገለግላል።

እስከ 1986 ድረስ ለቤት ብድር ወለድ መንግሥት የጣለው ጣሪያ 13.5 በመቶ ነበር፤ ጣሪያው ለአዳዲስ ብድሮች ከተነሣ በኋላ ምጣኔው በ1989 እስከ 17 በመቶ ደረሰ። በ1991 በስቲቨን ማርቲን የተመራው የተወካዮች ምክር ቤት ኮሚቴ የባንክ ገበያው ነጻ መለቀቅ ለተራው ደንበኛ ምን እንዳመጣለት መርምሮ ሰፊ ሪፖርት አቀረበ። ከዚያ ወዲህ ምርመራው የሚመጣው የሕዝብ ቁጣ ሲነሣ ነው ማለት ይቻላል። በኅዳር 2010 ሪዘርቭ ባንክ ይፋዊውን ወለድ በ0.25 የመቶኛ ነጥብ ከፍ አድርጎ 4.75 በመቶ ሲያደርሰው፣ ኮመንዌልዝ ባንክ በዚያው ቀን የቤት ብድር ወለዱን በ0.45 ነጥብ ጨመረ። ጭማሪው ከማዕከላዊው ባንክ ውሳኔ እጥፍ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነበር። በዚያው ወቅት የሴኔቱ የኢኮኖሚ ኮሚቴ በባንኮች ውድድር ላይ ምርመራ አካሄደ፤ መንግሥትም ብድሩን ቀድሞ ከፍሎ የሚወጣ ደንበኛ የሚጠየቀውን የመውጫ ክፍያ ከሐምሌ 1 ቀን 2011 ጀምሮ በሚሰጡ አዳዲስ ብድሮች ላይ ከለከለ። ይህ እርምጃ ከዚህ ጉዳይ ጋር በተያያዘ ከተወሰዱት ሁሉ ይበልጥ አስተዋይ ከሆኑት አንዱ ነው፤ ምጣኔውን በትእዛዝ ለማውረድ ሳይሞክር ደንበኛው የሚወጣበትን በር ከፍቷልና።

በነሐሴ 2016 የሆነው ግን የፓርላማን ጥያቄ ኃይልም ድክመትም አንድ ላይ ያሳያል። ሪዘርቭ ባንክ በነሐሴ 2 ይፋዊውን ወለድ በ0.25 ነጥብ ቀንሶ 1.50 በመቶ ሲያደርሰው፣ አራቱ ባንኮች ለቤት ተበዳሪዎች ያስተላለፉት ከ0.10 እስከ 0.14 ነጥብ ብቻ ነበር። ተቃዋሚው ሌበር ፓርቲ ቀደም ሲል ጀምሮ ሮያል ኮሚሽን እንዲቋቋም ይጠይቅ ነበር፤ ሮያል ኮሚሽን ማለት ምስክር በመሐላ የሚያስቀርብ፣ ሰነድ በግዴታ የሚያስወጣ፣ ከመንግሥት ራሱን የቻለ ከፍተኛ አጣሪ አካል ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ማልኮም ተርንቡል ይህን ትተው የባንኮቹ ዋና ሥራ አስፈጻሚዎች በየዓመቱ በተወካዮች ምክር ቤት የኢኮኖሚ ኮሚቴ ፊት እየቀረቡ እንዲጠየቁ ወሰኑ። በዴቪድ ኮልማን ሰብሳቢነት የመጀመሪያው ችሎት በጥቅምት 2016 ተካሄደ። ኃላፊዎቹ ተራ በተራ ቀርበው የተበዳሪውን ጥቅም ከአስቀማጩና ከባለአክሲዮኑ ጥቅም ጋር ማመዛዘን እንዳለባቸው፣ ገንዘብ የማሰባሰቢያ ወጪያቸውም ከይፋዊው ወለድ ጋር እኩል እንዳልወረደ አስረዱ።

መልሱ ሐሰት ነው ማለት አይቻልም፤ ችግሩ መልሱን ለመፈተን የሚያስፈልገው ሰነድ በጠያቂዎቹ እጅ አለመኖሩ ነው። አንድ እንደራሴ ለጥያቄ የሚሰጠው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ በተቃራኒው የተቀመጠው ሰው ግን ለሳምንታት የተዘጋጀ፣ የራሱን መዝገብ ጠንቅቆ የሚያውቅ ነው። ያም ሆኖ ኮሚቴው በኅዳር 2016 ካቀረባቸው አሥር ምክረ ሐሳቦች መካከል አንዱ ከችሎቱ ራሱ ይበልጥ ዋጋ ነበረው፤ በባንክ ዘርፍ ያለውን ውድድር በቋሚነት የሚከታተልና ለገንዘብ ሚኒስትሩ በየስድስት ወሩ ሐሳብ የሚያቀርብ ቡድን ይቋቋም የሚለው ነው። ሮያል ኮሚሽኑም ሊቀር አልቻለም፤ በኅዳር 2017 መንግሥት ተገዶ በኬኔት ሄይን የሚመራ ኮሚሽን ማቋቋሙን አስታወቀ። የመጨረሻው ሪፖርት በየካቲት 2019 ይፋ ሲሆን የናሽናል አውስትራሊያ ባንክ ዋና ሥራ አስፈጻሚና የቦርድ ሰብሳቢ በዚያው ሳምንት ሥልጣናቸውን እንደሚለቁ አስታወቁ። ይሁንና የሄይን ኮሚሽን የተቋቋመው ብልሹ አሠራርን ለማጣራት ስለነበር፣ ሕግ ሳይጣስ የሚከፈል ውድ ወለድ በእርሱ ሚዛን ላይ አልወጣም።

ያን የመዘነው የአውስትራሊያ የውድድርና የሸማቾች ኮሚሽን ነው። መንግሥት በግንቦት 2017 በጀት በትልልቅ ባንኮች ላይ ግብር ሲጥል፣ ግብሩ በተበዳሪው ትከሻ ላይ እንዳይወድቅ ኮሚሽኑ የቤት ብድር ዋጋን እንዲመረምር አዘዘ፤ ባንኮቹም የውስጥ ሰነዳቸውን እንዲያስረክቡ ተደረገ። ከሰነዶቹ የታየው አራቱ ባንኮች ዋጋ ሲወስኑ ጠንካራ ፉክክር አለመታየቱ፣ ይልቁንም አንዱ የሌላውን እርምጃ እየተመለከተ መጓዙ ነው። ሁለተኛው ግኝት ደግሞ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የቀረበ ነው፤ ባንክ በይፋ የሚለጥፈው ምጣኔና ደንበኛው በእርግጥ የሚከፍለው የተለያዩ ናቸው፤ ልዩነቱ እንደየተበዳሪው የሚሰጥ ቅናሽ በመሆኑ ከውጭ ሆኖ ማነጻጸር እጅግ ያስቸግራል፤ ቅናሹም በአብዛኛው የሚሰጠው ለአዲስ ደንበኛ ነው።

ኮሚሽኑ በ2020 ባካሄደው ሌላ ምርመራ ይህን በቁጥር አሳይቷል። ከተወሰዱ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት የሆናቸው ብድሮች አማካይ ወለድ ከአዳዲስ ብድሮች አማካይ በ0.58 የመቶኛ ነጥብ ይበልጥ ነበር፤ አሥር ዓመት ባለፋቸው ላይ ልዩነቱ ከአንድ ነጥብ በላይ ነበር። በ400,000 ዶላር እዳ ላይ 0.58 ነጥብ በዓመት 2,320 ዶላር ነው። ይህን ገንዘብ የሚከፍለው ደንበኛ ያጠፋው ጥፋት የለም፤ በየወሩ ሳያጓድል ከፍሏል፣ በባንኩም ጸንቷል። ታማኝነቱ ራሱ ዋጋ አስከፈለው፤ ይህ ሊያስቆጣ የሚገባ ነገር ነው። ቅናሽ የሚገኘው በመጠየቅና በመከራከር ከሆነ፣ እንግሊዝኛን በጉልምስናው የተማረ ተበዳሪ፣ በሜልበርን ምዕራባዊ ሰፈሮች የሚኖረውን አማርኛ ተናጋሪ ጨምሮ፣ ስልክ አንሥቶ ለመሟገት ከሌላው ይልቅ ይቸገራል። ብድሩን ለማዛወር የሚሻ ሰውም አሮጌው ባንክ በቤቱ ላይ ያለውን የመያዣ እገዳ አንሥቶ እስኪለቀው መጠበቅ አለበት። ኮሚሽኑ ለዚህ አንድ ወጥ ቅጽ እንዲኖርና ባንኩ በአሥር የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲጨርስ ሐሳብ ያቀረበው መዘግየቱ ራሱ ደንበኛን ማቆያ መሣሪያ ስለሆነ ነው።

ከግንቦት 2022 እስከ ኅዳር 2023 ይፋዊው ወለድ ከ0.10 ወደ 4.35 በመቶ በአሥራ ሦስት ጊዜ ጭማሪ ሲወጣ፣ የምክር ቤቱ ዓይን ወደ ሪዘርቭ ባንክ ዞረ። የወቅቱ የባንኩ ገዥ ፊሊፕ ሎው ወለዱ እስከ 2024 ድረስ ይጨምራል ብለው እንደማይጠብቁ ቀደም ሲል ተናግረው ነበር፤ በኅዳር 2022 በሴኔት ኮሚቴ ፊት ቀርበው ያን ቃል አምነው ለተበደሩ ሰዎች ይቅርታ ጠየቁ። በዚያው ዘመን ኤኤንዜድ የሰንኮርፕን የባንክ ክፍል ሊገዛ ሲጠይቅ፣ የውድድር ኮሚሽኑ በነሐሴ 2023 ከለከለ፤ የውድድር ጉዳዮች ፍርድ አካል ግን በየካቲት 2024 ውሳኔውን ሽሮ ፈቀደ፣ ግዢውም በዚያው ዓመት ተፈጸመ። ከአራቱ ውጭ የነበረ አንድ አበዳሪ እንደገና ከአራቱ በአንዱ ውስጥ ገባ።

እንግዲህ የባንክ ኃላፊዎች ዳግመኛ በኢኮኖሚ ኮሚቴው ፊት ሲቀርቡ፣ የወለድ ቅናሹን ለምን በሙሉ አላስተላለፋችሁም የሚለው ጥያቄ ብቻውን አይበቃም፤ ለእርሱ የተዘጋጀ መልስ አላቸው። ይልቅ እያንዳንዱ ባንክ ለአዲስ ደንበኛ፣ ለአምስት ዓመት ደንበኛና ለአሥር ዓመት ደንበኛ የሚያስበውን አማካይ ወለድ ለየብቻ በጽሑፍ እንዲያቀርብ፣ ለመሄድ የጠየቀ ሰው እገዳው እስኪነሣለት ስንት ቀን እንደጠበቀም እንዲያሳውቅ ይጠየቅ፤ አሃዞቹም በየስድስት ወሩ ለሕዝብ ይውጡ።