የዱር አበባን በበቀለበት ሥፍራ ስለ መሣል
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል የተደረገ ንግግር)



በዚህ በዓል ስለ ሥዕል ጥቂት እናገር ዘንድ ስለ ተፈቀደልኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። የምጀምረው ግን ከስሕተቴ ነው።

ባለፈው ክረምት ከባሮ ወንዝ ማዶ፣ ከቁጥቋጦ መካከል፣ ነበልባል የምትመስል አበባ አገኘሁ። የዕፅዋት ሊቃውንት ግሎሪዮሳ ሱፐርባ ይሏታል። የቅጠሏ ጫፍ እንደ ክር ተጠምዝዞ የጎረቤቷን ቅርንጫፍ ይይዛል። ቀጥፌ ወደ ቤት ወሰድኋት። እናቴ እንዳየችኝ «ልጄ፣ እጅህን ታጠብ፤ ሥሯ ሰው ይገድላል» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ኮልቺሲን የሚባል መርዝ አለባት። ቀለሜን እስካዘጋጅ ድረስ ግን አበባዪቱ በጋምቤላ ሙቀት ጠወለገች፤ የሣልሁትም የተጣለ ጨርቅ መሰለ።

በማግሥቱ ወረቀቴን ይዤ እዚያው ሄድሁና ሌላዋን አበባ ቢጫ አድርጌ ሣልኋት። ከጥቂት ቀን በኋላ አንድ ጓደኛዬ ሥዕሉን አይቶ «ይህች አበባ ቀይ ናት፤ ዋሽተሃል» አለኝ። ተከራክረን አብረን ብንሄድ፣ በእርግጥም ቀልታለች! ለካ ስትፈነዳ ወደ ቢጫ የምታደላው አበባ፣ ስትቆይ ቀይ ትሆናለች። ቆርጬ ባመጣኋት ላይ ይህን ከቶ ባላየሁ ነበር።

በውሃ ቀለም ነጭ አይቀባም፤ ወረቀቱ ራሱ ይተዋል እንጂ። ስለዚህ ከፈዛዛው ተነሥቶ ወደ ደማቁ ይኬዳል። በበጋ ቀለሙ ገና ከብሩሹ ሳይወርድ ይደርቃል፤ በክረምት ደግሞ ወረቀቱ አልደርቅም ይላል። የባሮ ውሃም በዝናብ ወራት ድፍርስ ነውና ቢጫውን ያበላሽብኛል፤ ንጹሕ ውሃ በጠርሙስ ይዤ እሄዳለሁ።

በአገራችን ከብዙ ዘመን በፊት ዕፅዋትን በውሃ ቀለም የሣለ ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለ ኢጣሊያዊ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1769 ከጀምስ ብሩስ ጋራ ምጽዋ ደረሰ፤ ኮሶንና እንሰትን የመሳሰሉትን ሣለ፤ በ1771 ጎንደር ላይ ሞተ። ብሩስ ግን በ1790 መጽሐፉን ሲያሳትም ሥዕሎቹን የራሱ ሥራ አስመሰላቸው። ይህን ሳነብ እጅግ ተናደድሁ። ከዚያ ወዲህ በሥዕሌ ግርጌ ስሜን፣ ሥፍራውንና ቀኑን እጽፋለሁ።

በበጋው ያ ሥፍራ በሣር ቃጠሎ ጠቁሯል። የአበባዪቱ ሥር ግን ከአፈር በታች ነው፤ ዝናቡ ሲመጣ ታቆጠቁጣለች። ጓደኛዬም ብሩሽ ገዝቷል፤ እኔ ቢጫዋን፣ እርሱ ቀይዋን እንሥል ዘንድ ተስማምተናል።